ባልና ሚስት በአንድ ሞተር፦ ጣናን ለመዞር ቦክሰር 150 ይበቃል?

ሁለት ራስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ለዘንድሮ በጋራ ከጻፍናቸው ዕቅዶች የመጀመሪያው «ጣናን በሞተር መዞር» ነው። ቀጥለው የሰፈሩት ሰሜን ተራሮችና ላሊበላ ሲሆኑ፣ እነሱ የሚወሰኑት ይኼኛው እንዴት እንደሆነ ታይቶ ነው። መነሻችን ባሕር ዳር፣ ጊዜው ጥቅምት አጋማሽ፣ ያለን አራት ቀን። ሞተሩ ቦክሰር 150፣ እኔ 72 ኪሎ፣ እሷ 58፣ ዕቃችን ቢበዛ 15።

የምጠይቀው፦ ሐይቁን በአራት ቀን ሙሉ በሙሉ መዞር ይቻላል ወይ? ሞተሩ ሁለት ሰውና ዕቃ ይዞ ዳገቱን ይችለዋል? ከመነሳታችን በፊት ምን ምን ይታይ? ባለቤቴም በመንገዱ ላይ ሜዳ ሲገኝ መንዳት ልለማመድ ትላለች፤ ይሆናል?

ፎገራ ሜዳ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። የጸጥታው ሁኔታ በሳምንት ውስጥ ይለዋወጣል፣ ሞተር ላይ ደግሞ ከመኪና የተለየ ክልከላና የሰዓት ገደብ ሊጣል ይችላል። ከመነሻ አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከጎንደር የገቡ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ወረታና አዲስ ዘመን ላይ ቆም ብላችሁ እንደገና ጠይቁ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የሁለታችሁ መታወቂያ በአንድ ላስቲክ ታሽጎ በአንተ ደረት ኪስ ይቀመጥ፤ ዕቃ ውስጥ ከሆነ በየኬላው ጭነት መፍታት ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ እንፍራዝ፣ ማክሰኚት፣ አዘዞ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በዚህ መንገድ ላይ ጣና አይታይም ማለት ይቻላል። የምታዩት የፎገራን የሩዝ ማሳ ነው፤ ሐይቁ ከግራ በኩል ርቆ ነው ያለው። ስለዚህ «መዞር» ስትሉ የፈለጋችሁት ኪሎ ሜትሩን ነው ወይስ ውሃውን? ለየብቻ ወረቀት ላይ ጻፉትና አስተያዩት። አንዱ «ጎንደር መድረስ» ሌላው «ጀንበር ስትጠልቅ ሐይቅ ዳር መቀመጥ» ብሎ ከጻፈ፣ ያሰባችሁት ሁለት የተለያየ ጉዞ ነው።

ሁለቱንም ለማግኘት እንዲህ ብትከፍሉት ይሻላል። መጀመሪያ ቀን ባሕር ዳር–ጎንደር። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ በ55 እና 60 ፍጥነት፣ ዕረፍቱን ጨምሮ 6 ሰዓት ገደማ መግባት ይቻላል። እንፍራዝ አካባቢ ጉዛራ ግንብ አለ፣ እግር ለማፍታታት ጥሩ ቦታ ነው። ሁለተኛ ቀን ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከሰዓት በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሦስተኛውን ቀን ሞተሩን አቁሙት። ጎርጎራ ውሃው እግራችሁ ሥር ነው፣ ደብረ ሲና ማርያምም እዚያው ናት። ጀልባ ካሰባችሁ በጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ሐይቁ ማዕበል ያበዛል። አራተኛው ቀን መመለሻ ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ከባዱ ቀን እሱ ነውና ጎህ ሲቀድ ተነሱ።

ምዕራቡን ዳርቻ፣ በቁንዝላና በደልጊ ያለውን፣ ለዚህ ጉዞ ተዉት። ጠጠርና አፈር የሚበዛበት፣ ነዳጅና መካኒክ የሚርቅበት ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ከወጣ ጥቅምት ላይም ጭቃው አይደርቅም።

ዓሣ በል

ጢስ ዓባይን ረሳኸው! በጥቅምት ያልታየ መቼ ሊታይ ነው?

ፎገራ ሜዳ

አልረሳሁትም፣ ለሙከራ አስቀምጬው ነው። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ጢስ ዓባይ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ መሄጃው ብቻ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚላላ ብሎንና የሚንሸራተት ሻንጣ እዚያ ይታያል። ፏፏቴው ቁመቱ 45 ሜትር ያህል ቢሆንም ውሃው እንደ ድሮው አይደለም። ከ1988 ጀምሮ ከሐይቁ የሚወጣውን የጨራ ጨራ ግድብ ይመጥነዋል፣ ከ2002 ወዲህ ደግሞ ብዙው በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሰፈሩን ሰው «ውሃ ተለቋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘጌም ለሌላ ቅዳሜ ይበቃል፤ ቡናው ጥላ ስለሆነ እኩለ ቀንም አይከብድም።

ካንዴላ ቁልፍ

ሞተሩ ይበቃል። 145 ኪሎ ግን ለዚህ መጠን ሞተር ከጣሪያው ብዙ የራቀ አይደለም፣ «አንድ ካርቶን እንጨምር» የሚባል ነገር የለም። ከፍታ ላይ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ጎንደር ስትደርሱ ልዩነቱ ብዙም አይሰማችሁም። ለሰሜን ተራሮች ስትነሱ ግን ደባርቅ 2,800 ገደማ፣ ሳንቃበር 3,250 ነው። ያኔ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፤ ካርቡራተሩን ማስተካከል ይጠይቃል።

ጉዞ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ነው። ንፋሱ ፊት 25 PSI፣ ኋላ ብቻህን 28፣ ሁለት ስትሆኑ 32 ይሁን፤ የሚለካውም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። የጎሚስታ መለኪያ ብዙ ጊዜ ስለሚዋሽ የራስህን ትንሽ መለኪያ ያዝ። በጭነት ላይ ንፋሱ ካነሰ ጎማው ይጋጋልና የድሮ ልጣፍ ይላቀቃል። ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ቸርኬው (የጎማው ብረት) ካላማደሪያውን (የውስጡን ጎማ) ይቆርጠዋል። ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ካየህ እሾህ አትፈልግ፣ ንፋስ አንሶት ነው። ሌላም ምልክት አለ። የንፋስ መሙያዋ አፍ ከቸርኬው ቀጥ ብላ መውጣት ሲገባት ወደ አንድ ጎን ካዘመመች፣ ካላማደሪያው በውስጥ እየዞረ ነው። ያን ቀን ካላስተካከልከው ሥሯ ላይ ይቀደዳል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ልጣፍ አይይዝም።

ሰንሰለት፦ በስታንዱ ቆሞ መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይላላ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባዶውን ወጥሮ ሁለት ሰው ሲጭን ነው። የኋላው ሞላ ሲጫን ሰንሰለቱ የባሰ ይወጠራል፣ የኋላ ኩሽኔታና ጥርስ ይበላል። ስለዚህ አስተካክለህ ስትጨርስ ሁለታችሁም ተቀመጡበትና ሌላ ሰው በጣቱ ይሞክረው። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ አላላው። የኋላውንም ሞላ በማስተካከያው ጥርስ አጥብቀው፣ በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን፤ ካለበለዚያ ኋላው ዝቅ ይልና የፊት መብራትህ የመጪውን ሹፌር ዓይን ይወጋል።

ፍሬኑ በፊትም በኋላም ሸራ ከሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞቆ ይደክማል። ስለዚህ በሦስተኛ የወጣኸውን በሦስተኛ ውረደው፣ ፍሪሲዮን (ክላች) ይዘህ ወይም በዜሮ ማርሽ አትንሸራተት። ከፈረሶች፣ ከጋሪና ከከብት ጋር በምትጋራው መንገድ ላይ ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ለመቆም ከለመድከው በላይ ርቀት ይፈልጋል።

የምትይዘው መለዋወጫ፦ ለፊትና ለኋላ አንድ አንድ ካላማደሪያ፣ ልጣፍና ማጣበቂያ፣ የእግር ፓምፕ፣ ሁለት ሌቫ (ጎማ ማውለቂያ ብረት)፣ የኋላ ጎማ መፍቻ ቁልፍ (ከሞተሩ ጋር የመጣው ይጣመማል፣ ጠንካራ ግዛ)፣ ካንዴላና ቁልፉ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመድ፣ የሰንሰለት ማገናኛ፣ ፊውዝ፣ ፒንሳ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት። አዲሱን ገመድ ከአሮጌው ጎን ለጎን አስረህ ብትዘረጋው፣ ሲበጠስ የምትቀይረው ጫፉን ብቻ አገናኝተህ ነው።

ዕቃውን ማዳበሪያ ውስጥ ከትታችሁ በካላማደሪያ ቁራጭ እሰሩት። ከባዱ በሁለቱ ጎን ዝቅ ብሎ ይሁን። ኋላ ፖርቶ መጋላው ላይ የተቆለለ ጭነት ዳገት ላይ የፊት ጎማውን ያቀለውና መሪው ይንቀጠቀጣል። በቀኝ በኩል ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ማዳበሪያ ስለሚያቀልጥ በመሃላቸው የአራት ጣት ክፍተት ተው።

ከአስፋልት ስትወጡ አደራ ከመረሬ (ከጥቁር የሸክላ አፈር) ተጠንቀቁ። እርጥብ ከሆነ በፊት ጎማና በጭቃ መከላከያው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። መከላከያው ዝቅ ያለ ከሆነ ቀድመህ አስነሳው፣ አንድ አጭር ዱላም ያዝ።

ከኋላ ወንበር

የወንዶቹን አነበብኩ፣ ሁሉም ስለ ሞተሩ ነው 😊 ከኋላ ስለምትቀመጠው እኔ ልጨምር።

ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ ቀሚስ ከባድ አደጋ ናቸው። ጫፉ በኋላ ጎማ ሽቦ ወይም በሰንሰለት ከተያዘ ሰውን ወደ ኋላ ጎትቶ ይጥላል። በግራ በኩል ከኋላ ጎማው አጠገብ ያለው የብረት መከላከያ የተሠራው ለዚህ ነው፣ «ዕቃ ለማሰር አይመችም» ብላችሁ እንዳታስፈቱት። ሱሪ ይለበስ፣ ነጠላና ቀሚስ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን በላስቲክ ታጥፎ ይያዝ። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን፤ ቀኝ ባት ማርሚታ የሚነካበት ቦታ ነው። በጎን መቀመጥ ለሰፈር እንጂ ለ180 ኪሎ ሜትር አይሆንም።

ስትወጣና ስትወርድ በግራ በኩል ይሁን፣ አንተም ሁለት እግርህን ተክለህ «እሺ» ካልክ በኋላ። ፍሬን ሲያዝ ሄልሜቶቻችሁ የሚጋጩት ክብደቷ ወደ አንተ ስለሚመጣ ነው። አንድ እጇን ወገብህ ላይ ታድርግ፣ ቁልቁለት ላይ ሌላውን ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ ትደግፈው። ኩርባ ሲመጣ ወደሚዞርበት ጎን በትከሻህ በኩል አሻግራ ትይ፣ ገላዋ ራሱ ይከተላል። ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ትከሻ ላይ አንድ መታ «ቀስ በል»፣ ሁለት መታ «አቁም»። በንፋስ መጯጯህ አይሰማም፣ ያጣላልም።

ቀኑን በኪሎ ሜትር አትቁጠሩት፣ በመቀመጫ ሰዓት ቁጠሩት። በጢስ ዓባዩ ሙከራ በ40 ደቂቃ ቁሙ ካለች፣ የጎንደሩ ዕቅድም በየ40 ደቂቃው ማቆሚያ ይኑረው። እሷ «ምንም አልል» ብላ ከቻለችው ይልቅ በጊዜ ከተናገረች ሰሜን ተራሮችም ላሊበላም ይደረሳል።

ገዳማቱን በተመለከተ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁለታችሁም ክፍት ናቸው፤ የጀልባ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን አስቡ። ጥቅምት ደግሞ በጣና ዙሪያ የወባ ወር ነው፣ ጎርጎራ አጎበር የሌለው አልጋ አትያዙ። ሐይቁ ዳር እግር መንከርም ቢልሃርዚያ ሊያስይዝ ይችላል፣ ማየቱ ይበቃል።

መለማመዱን በተመለከተ፣ እህቴ ትልመድ፣ ግን በዚህ ጉዞ አይደለም። ጭነት ያለበት ሞተር በዝግታ ሲሄድ በቀላሉ ይወድቃል፣ ፈቃድ ሳይኖር አስፋልት ላይ መንዳትም ከፖሊስና ከመድን ጋር ያጣላል። ከመሄዳችሁ በፊት ባዶውን ሞተር ሜዳ ላይ፣ መጀመሪያ ፍሪሲዮን መልቀቅና መቆም ብቻ። መንጃ ፈቃዷን ማውጣት በዕቅዳችሁ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይሁን። ላሊበላ ስትሄዱ ድካሙን ትካፈላላችሁ።

ሁለት ራስ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩላት። የ«ሁለት መታ አቁም»ን ወዳዋለች። ምዕራቡን ትተናል። አንድ የቀረኝ፣ ነዳጅ ስንት ይበቃናል? በጀሪካን እንያዝ?

ካንዴላ ቁልፍ

ደርሶ መልስ 480 ኪሎ ሜትር ያዝ። ሁለት ሰውና ዕቃ ጭኖ በሊትር 35 ብታስብ 14 ሊትር ነው። ሰርባቶዮው 11 ይይዛል፣ ስለዚህ ባሕር ዳር ሙሉ፣ ጎንደር ሙሉ፣ ጎርጎራ ምንም አትፈልግ። ማደያ ቤንዚን የለም ሊልህ ስለሚችል ግማሽ ሲደርስ ባገኘህበት ሙላ፤ ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ስልክህ ባትሪ ይኑረው።

ጀሪካን ኋላዋ አትሰር። ፕላስቲኩ በፀሐይ ያብጣል፣ ክዳኑ ያንጠባጥባል፣ ከታች ማርሚታ አለ። የግድ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ከገዛህ፣ ሳትቀዳው ብርሃን ላይ አሳየውና አምስት ደቂቃ አስቀምጠው። ውሃ ካለበት ሥሩ ላይ ለብቻው ይታያል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ደግሞ ጣትህ ላይ ጠብ አድርገው፤ ቤንዚን ወዲያው ይተናል፣ ጋዙ ቅባት ይተዋል። ቀድቶ የተሳሳተ ሰው ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ይፍታ፣ እስኪጠራ ያውርድ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን አይነካ።