ተማሪ ስለ ቦርከና ፍሳሽ ምን አገባው?

የኮምቦልቻ ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት ከቦርከና ወንዝ ውኃ እየቀዳን አሲድነቱንና በውስጡ የሟሟውን ኦክስጅን እንለካለን። ከድልድዩ በታች አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን ወይን ጠጅ ሆኖ ይወርዳል። ውጤቱን ይዘን አንድ መሥሪያ ቤት ብንሄድ «እናንተ ትምህርታችሁን ተማሩ» ተባልን። እውነት አያገባንም?

ጡረተኛው ከደሴ፦ በደንብ ያገባችኋል፣ ልጆቼ! በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 አንብቡ። ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በቃል አትሂዱ። በጽሑፍ አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። አለበለዚያ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ይተኛል፤ እኔ እዚያ ያረጀሁ ሰው ነኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ሕጉ መልካም ነው፤ መረጃችሁ ግን ይፈተናል። ክሮሚየም የተባለውን ብረት በጠቅላላው ለማስለካት የናሙናውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) በናይትሪክ አሲድ ከ2 በታች አውርዱት። መርዘኛውን የክሮሚየም ዓይነት፣ ክሮሚየም 6ን፣ ለብቻ ለመለካት ግን አሲድ ያልነካው ሌላ ጠርሙስ ያዙ። ኦክስጅኑን እዚያው ወንዙ ዳር ለኩ። ለማነጻጸር ከፋብሪካዎቹ በላይም ቅዱ።

የኮምቦልቻ ተማሪ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከወንዙ ታች በኩል ጨፋ ላይ በዚህ ውኃ የሚያለሙ ገበሬዎችም አብረን እንፈርም ይላሉ።

ጡረተኛው ከደሴ፦ ስማቸውን አስቀድሙ። ጨፋ ሌላ ዞን ስለሆነ ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ አመልክቱ።