«አእምሮዋ ይዘጋል» ያሉት እነማን ናቸው?

ሰላም፦ በሬዲዮ «ሴት በወሲብ እርካታ ጫፍ ላይ አእምሮዋ ይዘጋል፤ በሳይንስ ተረጋግጧል» ሲባል ሰምቼ ደሜ ፈላ። የኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2006 ያሳተመው ጥናት 12 ሴቶችን በፔት ስካን (ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ነገር ሰውነት ውስጥ አስገብቶ የአንጎልን የደም ፍሰት በሚያሳይ ምርመራ) መርምሮ በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች የደም ፍሰት መቀነሱን ነው ያሳየው። ታዲያ ምኑ ነው የተዘጋው?

መምህሩ፦ አዘጋጁን ብቻ አትውቀሺ። የቡድኑ መሪ ሆልስቴገ በ2005 ኮፐንሃገን ላይ «በዚያች ቅጽበት ሴቶች ስሜት የላቸውም» የሚል ንግግር አድርገዋል።

ሰላም፦ እና ፕሮፌሰሩ ስላሉ ይዘጋል? መብራት ኃይል ናቸው እንዴ?

ራጅ አንሺዋ፦ በዚያ ፔት ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን 15 በ2 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። መርፌውና እርካታው ካልተገጣጠሙ ልፋቱ ከንቱ ነው። ክፍሉ ቀዝቅዞ ተሳታፊዎቹ ተቸግረው ካልሲ ሲሰጣቸው የተሳካላቸው መብዛታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። በ2017 ደግሞ በኒው ጀርሲው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ 10 ሴቶች በኤምአርአይ (በማግኔት ምስል በሚያነሳ መሣሪያ) ሲታዩ የአንጎል እንቅስቃሴ እየጨመረ ሄደ እንጂ አልጠፋም።

መምህሩ፦ ኤምአርአይ ጭንቅላት ትንሽ ሲነቃነቅ ምስሉ ይበላሻል። 12ቱን አናምንም ብለን 10ሩን የምናምነው ስለተመቸን ነው?

ሰላም፦ እኔ «ተረጋገጠ» አላልኩም። ያሉት እነሱ ናቸው።

ጋሽ ተኮላ፦ ልጆቼ፣ ነውር የሚባል ነገር ቀረ? ካንሰር መድኃኒት አጥቶ ሰው እያለቀ ፈረንጅ በመኝታ ቤት ጉዳይ ገንዘብ ይበትናል።

ራጅ አንሺዋ፦ ጋሼ፣ የራትገርሶቹ ኮሚሳሩክና ዊፕል አከርካሪያቸው የተጎዳ ሴቶችንም አጥንተዋል። ሐኪም «ከወገብሽ በታች ምንም አይሰማሽም፤ ምናብሽ ነው» ሲላቸው የኖሩ ናቸው። ስካነሩ ግን አንጎላቸው ምላሽ እንደሚሰጥ አሳየ፤ መልእክቱም አከርካሪውን ሳይነካ ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል እንደሚያልፍ ተመራማሪዎቹ ደምድመዋል። ይህም ነውር ነው?

ጋሽ ተኮላ፦ በሽተኛ መርዳት ሌላ፣ ጤነኛን ካልሲ አልብሶ ማየት ሌላ።

ሰላም፦ ጋሼ ካልሲዋን ያዙ!

መምህሩ፦ ቀልዱን ተዉትና መልሱልኝ፤ የደም ፍሰቱ ቀነሰ የተባለው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ግሮኒንገኖች ለማነጻጸሪያ ሴቶቹን እርካታን አስመስለው እንዲያሳዩም ጠይቀዋቸው ነበር። ይህን ንጽጽር ሬዲዮውም አልጠቀሰው፣ ሰላምም አልጠቀሰችው።

ሰላም፦ መምህር፣ ከሬዲዮው ጋር አንድ መስመር ላይ አስቀመጡኝ?