«ሲልቨር»ን አብረን እንስማ፦ ለኮሚቴ የሚቀርብ ሐሳብ

አስተባባሪ፦ ሰላም የድሬዳዋ ወዳጆች። ለኮሚቴው የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። መነሻው ይሄ ነው። ፎርፕሌይ የተባለውን የአሜሪካ ስሙዝ ጃዝ (ለስለስ ያለ ጃዝ) ባንድ «ሲልቨር» አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳናቋርጥ፣ አብረን ቁጭ ብለን እንስማ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የባንዱን 25ኛ ዓመት ያከበሩበት ሥራ ነው። የጎደለ ካለ ጨምሩ።

የሳቢያኗ፦ እኔ ግልጹን ልናገር። ስሙዝ ጃዝ ለኔ ሆቴል ውስጥ ሰው ምሳ ሲበላ የሚከፈት ሙዚቃ ነው። ለሱ ብሎ ሰው ከቤቱ ይወጣል? የሙላቱ አስታጥቄ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

የከዚራው፦ አቦ፣ ሙላቱንም እንደርስበታለን። ግን ይሄን አልበም በምን ሰማሽው? እኔም በስልክ ነበር የሰማሁት፤ አልጣመኝም። አንድ ሌሊት ሙቀቱ እንቅልፍ ነሳኝና ፍራሼን ግቢ አወጣሁ። የወንድሜን ትልቁን ስፒከር ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ያኔ ቤዙ መጣ! ቤዝ ጊታሪስቱ ናታን ኢስት ኖታ አያበዛም። አንዷን ይመታና ይተዋታል። ቦብ ጄምስ በኪቦርዱ በዚያች ክፍተት ይገባል። ድራመሩ ሃርቪ ሜሰን ደግሞ ከኋላ ሆኖ ይይዛቸዋል። በ1973 በታዋቂው የጃዝ ፒያኒስት በሄርቢ ሃንኮክ «ሄድ ሃንተርስ» አልበም ላይ ድራሙን የመታው እኮ እሱ ነው። ረጋ የሚለው ጉልበት አንሶት አይደለም፤ መርጦ ነው። በስልክ ስፒከር ይሄ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ጥሩ ስፒከር ይሁን።

የለገሃሬው ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔን የያዘኝ ጊታሩ ነው። ሊ ሪትናወር ጀመረ፣ ላሪ ካርልተን ተረከበው፣ ከ2010 ጀምሮ ቸክ ሎብ ያዘው። ባንድ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቃል፤ አንዱ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ኩርፊያ ይከተላል። እነዚህ ግን ለ25ኛ ዓመታቸው ሁለቱን የቀድሞ ጊታሪስቶች ጠርተው አብረው ተጫወቱ። ቸክ ሎብ በ2017 አረፈ። ይህን እያወቅኩ ስሰማው ሆዴ ይባባል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ከማዳመጡ በኋላ የድሬ ጊታሪስቶች፣ አንጋፋውም ወጣቱም፣ አንድ ላይ ይጫወቱ። አሊ ቢራ ገና ልጅ ሳለ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረባት ከተማ ናት፤ ጊታር የሚይዝ አናጣም።

የሳቢያኗ፦ ጋሼ፣ ይህን አላወቅኩም ነበር። ጊታሪስቶቹ ከገቡበት እኔም አለሁ። አልበሙንም ዛሬ ማታ በደንብ እሰማዋለሁ። ግን መድረክ አይኑር፤ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጥ። አልበሙ እየሄደ ወሬ አይፈቀድ፣ ስልክም ይጥፋ።

አስተባባሪ፦ ተስማምተናል። እንዲህ ልጻፈው? «ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ተኩል፣ አየሩ በረድ ሲል። ሁለት ጥሩ ስፒከር፤ ካልተገኘ ቀኑ ይገፋል። አልበሙ ሙሉውን፣ ከዚያ ሻይና የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ከዚያ ጊታሪስቶቹ።» ጋሼ፣ ጊታሪስቶቹን እርስዎ ያነጋግሩልን።

የለገሃሬው ጋሼ፦ እሺ፣ ነገ እጀምራለሁ።

የከዚራው፦ የወንድሜን ስፒከር እኔ አመጣለሁ። ባጃጅ ግን አይችለውም። ፒክአፕ ያለው ማነው?

የመጋላዋ፦ እኛ ቤት አለ። አርብ ደውልልኝ።