የቆሰለው እግር ፎቶ ይታይ ወይስ ይሸፈን?

የታሪክ መምህርት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጉዳይ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል። ለተማሪዎቼ ስለ ራቨንስብሩክ ላስተምር ነው። ከበርሊን በስተሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የነበረ፣ ናዚዎች ለሴቶች የሠሩት ማጎሪያ ካምፕ ነው። በ1942 እና በ1943 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ቁጠሩልኝ) ሐኪሞቹ 74 የፖላንድ ሴቶችን መሞከሪያ አደረጉ። የብዙዎቹን እግር ሰንጥቀው ጀርም ጨመሩበት። አንዳንዱ ቁስል ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂና የብርጭቆ ስባሪ ከተቱ። ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነው። የሌሎቹን አጥንትና ጡንቻ ቆርጠው ወሰዱ። አብዛኞቹ ከሉብሊን የመጡ፣ በስውር ትግል የተያዙ ነበሩ። ካምፑ ውስጥ «ጥንቸሎች» ይባሉ ነበር። አምስቱ በዚያው ሞቱ፤ ስድስቱ ቁስላቸው ሳይድን ተረሸኑ።

የእግራቸው ፎቶ አለ። እኔ ሙዚየምም ክፍልም ውስጥ ይታይ ባይ ነኝ። ባልደረባዬ ግን «የሰው ገመና ነው፣ ቃላቸውን አንብቢላቸው፣ ይበቃል» አለችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ነርስ ነኝ፦
ባልደረባሽ ልክ ናት። እኔ ቁስል ሳጥብ ነው የምውለው። ከማጠቤ በፊት መጋረጃውን እስባለሁ። በሽተኛው ራሱን ባያውቅ እንኳ ይሳባል። እነዚህ ሴቶች አንዴ ያለፈቃዳቸው እግራቸው ተገልጧል። አሁን ደግሞ እኛ እንግለጠው?

የሕግ ተማሪ፦
እህቴ፣ መጋረጃው ተስቦ ቢቀር ኖሮ ጉዳዩ እንዴት ይሆን ነበር? በታኅሣሥ 1946 ከእነሱ አራቱ ጀርመን፣ ኑረምበርግ ድረስ ሄደው ሐኪሞቹ በተከሰሱበት ችሎት መሰከሩ። ያድቪጋ ጂዶ ችሎት ፊት እግሯን አሳየች። ሊዮ አሌክሳንደር የተባለው ሐኪም አጠገቧ ቆሞ ጠባሳውን ለዳኞቹ አስረዳ። ተከሳሾቹ «እነዚህማ የሞት ፍርደኞች ነበሩ» እያሉ ነበር የሚከራከሩት።

ሌላም አለ። በግንቦት 1943 ሙከራውን ካካሄዱት ሐኪሞች ሁለቱ፣ ካርል ጌብሃርትና ፍሪትዝ ፊሸር፣ የሙከራውን ውጤት በርሊን ላይ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች በይፋ አቅርበዋል። ተነስቶ የተቃወመ አልነበረም። ሰነድማ ያኔም ነበረ። ሴቶቹ እንቢ ብለው እንደነበር የነገሩን ግን ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ቭዋዲስዋቫ ካሮሌቭስካ ለችሎቱ ስትናገር፣ እንቢ ሲሉ ካምፑ እስር ቤት ውስጥ አስገብተው በጉልበት እንደቀደዷቸው አስረድታለች።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ችሎት ሌላ ነው። እዚያ እሷ ራሷ ነበረች። ለምን እንደምታሳይ ታውቃለች። የሚያያት ዳኛ ነው። ሙዚየም ግድግዳ ላይ ግን ማን እንደሚያያት አታውቅም። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ያነሱታል፤ ማታ ቲክቶክ ላይ ታገኚዋለሽ። ይህን ማን ፈቀደ?

በርሊን ነዋሪ፦
እኔ ባለፈው በጋ ቦታው ድረስ ሄጄ ነበር። ከፉርስተንበርግ ባቡር ጣቢያ በእግር ይኬዳል። ሐይቅ አለ፤ ፀጥ ያለ፣ ማዶው ከተማ። የተቃጠሉት ሴቶች አመድ እዚያ ውኃ ውስጥ ነው የተጣለው። ዳር ላይ ሌላዋን ሴት የተሸከመች ሴት ሐውልት ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ ቆማለች። እኔ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ እዚያ ብዙ ቆየሁ። ሁሉም ሰው ቁስል ማየት የግድ አለበት ብዬ አላምንም።

የታሪክ መምህርት፦
አንድ ነገር መጀመሪያ ልነግራችሁ ሲገባ ዘልዬዋለሁ። ፎቶውን ያነሱት ናዚዎች አይደሉም። በጥቅምት 1944 ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው ያነሱት። በድብቅ ያገኙት ካሜራ ነበር፤ ዮአና ሺድዎቭስካ የምትባል እስረኛ አነሳች። ፊልሙን ፈረንሳዊቷ እስረኛ ዤርሜን ቲዮን ደበቀችው። በ1945 የስዊድን ቀይ መስቀል ሲያስወጣት ይዛው ወጣች። ቢያዝ ኖሮ መጨረሻቸው ምን እንደነበር አስቡት።

ከዚያም በፊት በ1943 ከእነሱ አንዷ፣ ክሪስቲና ቺሽ፣ እና ጓደኞቿ ወደ ሉብሊን ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ካምፑ የሚፈቅደው ተራ የሰላምታ ደብዳቤ ነው። በመስመሮቹ መሃል ግን በሽንታቸው ይጽፋሉ። ክሪስቲና ዘዴውን ለወንድሟ የጠቆመችው፣ ሁለቱም ልጅ ሆነው ያነበቡትን መጽሐፍ በማንሳት ነው። ታሪኩ ውስጥ ምሥጢሩ የተደበቀው በየመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል ነበር። ወንድም ገባው። ቤተሰቡ ወረቀቱን በካውያ ሲተኩሰው ጽሑፉ ብቅ አለ። የተቀደዱት ሴቶች ስም ነበረበት። ወሬው በፖላንድ ስውር ንቅናቄ በኩል ወደ ውጭ ወጣ።

እህቴ ነርሷ፣ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። መጋረጃውን የገለጡት እነሱ ናቸው።

ነርስ ነኝ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አስቀምጬ ቆየሁ።

ግን አልጨረስኩም። ያኔ ያነሱት «ገድለው እንዳያጠፉን ማስረጃ ይኑር» ብለው ነው። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ላለ ጎብኚ ብለው ነው ማለት ይከብደኛል። ደግሞም እነሱ ያነሱትንና ሌላ ሰው ያነሳቸውን አትደባልቂ።

የሰማዕት እህት፦
ጣልቃ ልግባ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ አፅም በመስታወት ውስጥ አለ። የወንድሜ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። እሱን የጠየቀው የለም፤ እነዚያ ሴቶች ግን ወስነዋል። እኔ በሄድኩ ቁጥር ያመኛል፤ ይሸፈን ብትሉኝ ግን እቆጣለሁ።

የሕግ ተማሪ፦
እግዜር ያጽናዎት እናቴ።

«ያኔ ለማስረጃ ነው» ለሚለው፣ ማስረጃው መቼ ሥራውን ይጨርሳል? ሄርታ ኦበርሆይዘር እግር ከቀደዱት አንዷ ናት። 20 ዓመት ተፈረደባት፤ በ1952 ተለቀቀች። ወጥታ የቤተሰብ ሐኪም ሆና ሕፃናት ታክም ነበር! በ1956 ከካምፑ የተረፈች አንዲት ሴት ለየቻት። የሐኪምነት ፈቃዷ የተነጠቀው በ1958 ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ችሎቱ ካለፈ በኋላ ነው።

መጽሐፍ ወዳድ፦
ቃልም እኮ ቀላል አይደለም። ስዊድን፣ ሉንድ ከተማ ውስጥ በ1945 እና በ1946 ከተረፉት ከ500 በላይ ምስክርነት ተጽፏል። ከጠያቂዎቹም ራሳቸው ከካምፕ የወጡ ነበሩ። ፎቶው ብቻውን ከተሰቀለ ሰው እግር አይቶ ያልፋል። የማን እግር እንደሆነ የሚነግረው ቃሏ ነው።

ነርስ ነኝ፦
እዚህ ላይ እስማማለሁ። መምህር፣ መጀመሪያ ስሟን ሰሌዳው ላይ ጻፊ። ከየት እንደመጣች፣ ፎቶውን ማን እንዳነሳው ተናገሪ። ፎቶው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ስልክ ይሰብሰብ። ማየት የማይፈልግ ልጅ ሳይጠየቅ ይውጣ። በተረፈ እኔ አሁንም ሙዚየም በር ላይ በትልቁ ተሰቅሎ ማየት አልፈልግም።

የታሪክ መምህርት፦
እሺ እህቴ፣ እንዳልሽው አደርጋለሁ። ክፍሉ ማክሰኞ ነው። በደብዳቤው ነው የምጀምረው። ዛሬ ማታ በሎሚ ጭማቂ አንድ ወረቀት ላይ ስማቸውን እጽፋለሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው በካውያ ይተኩሱትና ያንብቡት። መብራት ከጠፋ የእናቴ የከሰል ካውያ አለ።