ከአያቶችና ከሁለት ሕፃናት ጋር ወደ ዲዝኒ ወርልድ፦ ሳንሮጥ መዝናናት ይቻል ይሆን?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ልምድ ያላችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ። አባቴና እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥተው እስከ መስከረም ድረስ እኛ ዘንድ ናቸው። ባለቤቴ ልጆቹም አያቶቻቸውም አብረው የሚደሰቱበት ነገር ሲፈልግ ቆይቶ ፍሎሪዳ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለው ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ እንድንሄድ ወስኗል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። የሚያስፈራኝ ዕቅዱ ነው። ሠንጠረዥ ሠርቶ አራቱን ፓርኮች በአራት ተከታታይ ቀናት ደርድሯቸዋል፤ በር ከሚከፈትበት ሰዓት አንሥቶ ማታ ርችት እስከሚተኮስ ድረስ በየሩብ ሰዓቱ የት እንደምንገኝ ተጽፏል። ለሽንት ቤት የተመደበ ጊዜ ግን አላየሁም።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ዊልቸር እንከራይ ስላት «ሰው ምን ይለኛል? ሽባ ነሽ በሉኝ እንጂ!» ብላ ተቆጣች። አባቴ ስኳር አለበት፤ መራመዱን ይራመዳል፤ ጫጫታና ግፊያ ግን አይችልም። ወንዱ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ መቆም የሚባል ነገር አያውቅም። ሴቷ ሰኔ ላይ ሦስት ዓመት ይሞላታል፤ ከምሳ በኋላ ካልተኛች የማታውን ነገር አታንሡት።

ባለቤቴ ወይ በትምህርት ቤቶች የፀደይ ዕረፍት ሳምንት ወይ በነሐሴ፣ ሌሊት ሙሉ እየነዳን እንሂድ ይላል። እናቴ ሐኪም ቢለምናትም ጾም የምትገድፍ ሰው አይደለችም። መቼ ብንሄድ ይሻላል? ስንቱን ፓርክ ብናይ ይበቃናል? የት እንረፍ?

አስቴር (አትላንታ)

እህቴ፣ ሁለቱም ጊዜ አይሆንሽም። የፀደዩ ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። በነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ በፍሎሪዳ ሙቀት ሊንከራተቱ ነው? የኅዳሩንና የገናውን ዕረፍት ጾመ ነቢያት ይዞታል። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ዕረፍቱን ያወጣው የእኛን ባሕረ ሐሳብ ከፊቱ ዘርግቶ ይመስለኛል አንዳንዴ።

እኔ የምመርጠው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን ጊዜ ነው። ሃምሳውን ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ከእናትሽ ጋር በምግብ ጉዳይ ክርክር የለም። ልጆችሽ ገና ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ስለዚህ ሌላው ወላጅ በማይንቀሳቀስበት በግንቦት መጀመሪያ መሄድ ትችላላችሁ። የፍሎሪዳ የከሰዓት ነጎድጓድም ገና አልጀመረም። ደግሞ ልብ በይ፣ ዲዝኒ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይገባል። ሴቷ ልጅሽ ሰኔ ሳይደርስ ብትሄድ አንድ ትኬት ተረፈሽ ማለት ነው። ለአዛውንት ግን ቅናሽ አትጠብቂ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሁሉም እንደ አዋቂ ይከፍላል።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እኔ የምጽፍልሽ ከአያቶቹ ወገን ሆኜ ነው። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ሴት ልጄ ቨርጂኒያ ትኖራለች፤ ከሦስት የልጅ ልጆችና ከባለቤቴ ጋር ወስዳኝ አይቼዋለሁ። ወጣቶች ስለ አያቶች ሲመካከሩ አያቶቹን የሚጠይቅ እምብዛም የለምና ሳልጠየቅ ልናገር።

በመጀመሪያ የዊልቸሩን ነገር። ባለቤቴም እንደ እናትሽ ብላ ነበር። ልጄ አልተከራከረቻትም፤ «ለቦርሳው ነው» ብላ በር ላይ ተከራየች። ቦርሳው እንደ መኳንንት ተቀምጦ ጥቂት ተንሸራሸረ። ፀሐዩ ሲከር ባለቤቴ ቦርሳውን አንሥታ ለእኔ አሸከመችኝና ራሷ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው ቀን አልለቀቀችውም። ለመሆኑ እናትሽ ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በእግራቸው መጡ? እዚያ አውሮፕላን ሲወርድ በዊልቸር ተደርድረው የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ማንን ሽባ መሰሉ?

ሁለተኛ፣ ባለቤትሽ ሠንጠረዡን ይቅደደው። አይ፣ አይቅደደው፤ ግማሹን ያጥፋው። ከአራቱ ፓርኮች ማጂክ ኪንግደምና አኒማል ኪንግደም ለእናንተ ይበቃሉ። በሁለቱ መካከል ምንም የማይሠራበት አንድ ሙሉ ቀን ይኑር። ሆሊውድ ስቱዲዮስን ልጆቹ ሲያድጉ ታዩታላችሁ። ኤፕኮት ደግሞ አሥራ አንድ አገሮችን በትልቅ ሐይቅ ዙሪያ የደረደረ ነው፤ ዙሪያው ብቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአባትሽ ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ለእናትሽ ጉልበት ግን አይሆንም።

ማጂክ ኪንግደም በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የመጀመሪያው ፓርክ ነው። እዚያ እኔን የገዛኝ ቤተ መንግሥቱ አይደለም፤ ባቡሩ ነው። እኔ የምድር ባቡር ከተማ ልጅ ስለሆንሁ አትፍረጂብኝ። ፓርኩን የሚዞሩት ባቡሮች እውነተኛ የእንፋሎት ባቡሮች ናቸው። ፊላዴልፊያ ውስጥ ተሠርተው፣ ሜክሲኮ ዩካታን ውስጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ከዚያ ተገዝተው የመጡ። አንደኛው የ1916 ሥራ ነው፤ የእኛ ሀዲድ አዲስ አበባ ለመግባት አንድ ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው። የልጅ ልጄ ስለ ሚኪ አይጥ ሊነግረኝ ሲሞክር እኔ ስለ ውሃ ማሞቂያው በርሜልና ስለ ፉጨቱ ስነግረው ዙሩን ጨረስን። ሰልፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጥላ አለው፤ ነፋስ አለው። አባትሽ ሲደክማቸው እዚያ ያስቀምጧቸው፤ ቢዞሩም ይዙሩ።

ከዚህ ሌላ ተቀምጦ የሚታይ ነገር ፈልጉ። ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስ የሚባል ቲያትር አለ፤ ለ1964ቱ የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት የተሠራ ነው፤ የተመልካቹ መቀመጫ ራሱ በመድረኩ ዙሪያ ይዞራል። ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለት አዛውንቶች ከኋላዬ ሲያንኮራፉ ሰምቻለሁ፤ አልፈረድሁባቸውም። የዓለም ሕፃናት አሻንጉሊቶች የሚዘፍኑበትን የጀልባ ጉዞ ልጆቹ ይወዱታል፤ ዜማው ግን ከጆሮ አይወጣም፤ አባትሽን አስጠንቅቂልኝ። ፒፕል ሙቨር የተባለው ከፍ ብሎ የሚሄድ ባቡር ተቀምጦ ለማየት ግሩም ነው፤ ነገር ግን ሲገቡም ሲወጡም የሚንቀሳቀስ ወለል ላይ መርገጥ ይጠይቃል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይመከርም።

አኒማል ኪንግደም ውስጥ ሐራምቤ የሚሉት የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ሠርተዋል። ቀለሙ የተላጠ፣ ሲሚንቶው የተሰነጠቀ ግድግዳ አለው፤ ሁሉም በባለሙያ እጅ ሆን ተብሎ የተላጠና የተሰነጠቀ ነው! ባለቤቴ ቆማ አየችውና «እኛ ቤት የኋላውን ግድግዳ በነጻ እንሰጣቸው ነበር» አለች። ከዚያ በክፍት የጭነት መኪና ወደ ቀጭኔና ዝሆን ይወስዳሉ። አንበሳው እንደ ሁልጊዜው ተኝቶ ነበር። ጠዋት በር እንደተከፈተ ግቡ፤ አራዊቱ ሳይሞቃቸው ይንቀሳቀሳሉ። መኪናው ግን የገጠር መንገድ ሆን ብሎ ይከተላልና ወገብ ያንገጫግጫል፤ እናትሽ ይህን አውቀው ይግቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። አያት የሕፃን ጋሪ ጠባቂ አይደለም። «እናንተ እዚህ ቁጭ በሉ፣ እኛ ሮለር ኮስተሩን ተሳፍረን እንምጣ» ተብሎ የተኛ ሕፃን፣ ሁለት ጃንጥላና የፋንዲሻ ባልዲ ሲሰጠኝ የልጄ ባል ፊት ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ከመሄዳቸው በፊት ይጠይቁ፤ አንዳንዴ እሺ እንላለን።

ኪሲሚ ነዋሪ

ጋሼ የተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወላጆች በየተራ የሚሳፈሩበት ሥርዓት አለ። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ካላችሁ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ንገሩ፤ አንደኛችሁ ተሰልፎ ሲሳፈር ሌላው ከልጆቹ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ ሁለተኛው ረጅሙን ሰልፍ ሳይጠብቅ ይገባል። አያቶቹን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

እኔ እዚህ ዲዝኒ አጠገብ ኪሲሚ ከተማ ሰው በማመላለስ ሥራ ላይ ነኝ፤ ተጣልተው የሚመለሱ ቤተሰቦችን ከኋላ መስታወት አያቸዋለሁ። የሚጣሉት ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት በር ሲከፈት ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ሰልፉ ቀላል ነው፤ ልጆቻችሁም ማልደው እንደሚነሡ አልጠራጠርም። በቀትር ውጡ፣ ሕፃኗ ትተኛ፣ አባት ይብሉ፣ መድኃኒታቸውን ይውሰዱ። ማታ መመለስ የፈለገ ይመለስ። ማጂክ ኪንግደም ስትሄዱ ግን ጊዜ አስሉ፤ መኪናው የሚቆመው ከበሩ ርቆ ነው፤ ከዚያ በሞኖሬል ወይም በጀልባ ትሻገራላችሁ። ሁለቱም ላይ ጋሪው ሳይታጠፍ ይገባል። ጀልባውን ምረጡ፤ ለአያቶች እሱ ራሱ ሽርሽር ነው።

ለማረፊያ እዚህ ኪሲሚ ኩሽና ያለው ሙሉ ቤት ተከራዩ። ለስድስት ሰው ከሁለት የሆቴል ክፍል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ እናት ሽሮ ይሠራሉ፤ አባት ለብቻቸው በረንዳ ይኖራቸዋል። ዋና ገንዳ ካለው አጥር ወይም የሚቆለፍ በር እንዳለው ሳትጠይቁ አትክፈሉ፤ የአራት ዓመቱን ልጅ ሰምተናል። ቡና የሚቆላው ደግሞ ውጭ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጀበናና እጣን አያውቅም፤ በቀደም የአንድ ቤተሰብ ቡና ሦስተኛው ሳይደርስ የእሳት አደጋ መኪና ደርሷል።

ምግብ ወደ ፓርኩ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ የተከለከለው የብርጭቆ ዕቃና አልኮል ነው። እንጀራ በአልጫ ጠቅልላችሁ፣ ዳቦ ቆሎም ያዙ። የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጥ የሚቀዱ ፈጣን ምግብ ቤቶች ሁሉ በኩባያ በነጻ ይሰጣሉ። በየፓርኩ የሕፃናት መንከባከቢያ ክፍል አለ፤ ዳይፐር መቀየሪያ፣ ማይክሮዌቭ፣ ጸጥ ያለ መቀመጫ ታገኛላችሁ።

ሌሊቱን ሙሉ መንዳቱን ተዉት። ከእናንተ ብዙ የማይርቀው ሎርተን፣ ቨርጂኒያ የሚነሣ መኪና የሚጭን ባቡር አለ። እናንተም መኪናችሁም በአንድ ባቡር ማታ ተነሥታችሁ በማግስቱ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ትወርዳላችሁ። መኝታ ስትይዙ የታችኛው ፎቅ ላይ ይሁንላችሁ፤ ደረጃው ጠባብ ነው። መኪናው አንዴ ከተጫነ እስክትደርሱ አይከፈትም፤ መድኃኒቱ በእጅ ይሁን።

የባልቲሞሩ

ሁላችሁም ፍሎሪዳ ፍሎሪዳ ትላላችሁ። ለአራት ዓመትና ለሦስት ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ገንዘብ? ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሰዓት ያህል ብትነዱ ላንካስተር፣ ፔንስልቬንያ ትደርሳላችሁ። እዚያ ደች ወንደርላንድ የሚባል ከ1963 ጀምሮ ያለ ፓርክ አለ፤ የተሠራው ለትንንሽ ልጆች ነው፤ ትንሽ ስለሆነም አያት አይጠፋበትም። ልጆቼ ከዲዝኒ ይልቅ እሱን ያነሣሉ።

ለእናንተ እናትና አባት ግን ትልቁ ትርኢት ከፓርኩ ውጭ ነው። አካባቢው አሚሽ የሚባሉ፣ እንደ ጥንቱ የሚኖሩ ክርስቲያን ገበሬዎች አገር ነው፤ በፈረስ ጋሪ ይሄዳሉ፤ በእንስሳት ያርሳሉ። አማቴን ወስጃት፣ አንድ ገበሬ በቅሎዎች ጎን ለጎን ጠምዶ ሲያርስ አየችና «አቁም!» አለችኝ። መኪናውን ዳር አስያዝሁ። መስኮቱን አውርዳ ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ «በቅሎን ያህል ነገር? መኳንንት የሚቀመጥበትን በማረሻ!» ብላ በጣም አዘነች። ቀጥላ ትልሙን ተመልክታ «ቀጥ ያለ ነው፤ እጁ ይባረክ» አለች። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ማታ ተወራ። ስለ ፓርኩ ማንም አላነሣም።

እሑድ አትሂዱ፤ አያርሱም። ፊታቸውን ፎቶ መነሣት አይወዱም፤ እናቶችን ንገሩ። እዚያው ስትራስበርግ ከሚባል ከተማ የሚነሣ ባቡርም አለ፤ በእርሻው መካከል ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ለባለቤቴ አነበብሁለት፤ ስለ ጋሪ ጠባቂው ስደርስ ዝም አለ፤ አስቦበት እንደነበር ገባኝ። ሠንጠረዡ ሁለት ፓርክና አንድ የዕረፍት ቀን ሆኗል፤ የሽንት ቤት ዓምድም ተጨምሯል። የምንሄደው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው፤ በባቡሩ።

የበቅሎውን ነገር ለአባቴ ብነግረው ግን ዲዝኒውን ረስቶ «መቼ ነው የምንሄደው?» ይለኝ ጀመር። እናቴ ደግሞ «አሜሪካ ትራክተር አልቆባቸው ነው?» ብላ አላመነችም። እንግዲህ ቅዳሜ ላንካስተር ደርሰን እንመለሳለን፤ ፓርኩ ቢከፈትም ባይከፈትም።

ጡረተኛው መምህር

ወንድሜ ባልቲሞር፣ ያ የስትራስበርጉ ባቡር የናፍጣ ነው ወይስ የእንፋሎት?

የባልቲሞሩ

የእንፋሎት ነው ጋሼ፣ በድንጋይ ከሰል። መስኮት ክፍት ከሆነ ጥላሸት ይገባልና እትዬ ነጭ ነጠላ እንዳይለብሱ።