የሌጎ ቤት ውስጥ መብራት ማስገባት፦ ቀይዋ ትበራለች፣ ነጮቹ እምቢ አሉ

ሰሚት ኮንዶ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ባለ ሦስት ፎቅ የሌጎ ቤት ይዛልን መጣች። ታቹ ካፌ ነው፣ ላይኛው መኖሪያ። ፎቆቹ እየተነሱ ውስጡ የሚታይ ዓይነት ነው። ከልጄ ጋር ገጣጥመን ጨረስነው። አሁን ማታ ማታ በመስኮቶቹ ብርሃን እንዲታይ ፈለግን።

ሽቦ ያላቸው ደቃቅ ኤልኢዲ አምፖሎች ገዛሁ፣ አምስት ነጭና አንድ ቀይ። ቀይዋ ለካፌው ታፔላ ናት። ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ አያይዤ ከአንዲት ክብ ባትሪ ጋር አገናኘኋቸው (ባለ 3 ቮልቷ ሲአር2032)። ቀይዋ ቦግ አለች። ነጮቹ ጭራሽ የሉም። ለየብቻ ስሞክራቸው ግን ሁሉም ይበራሉ። ምን ሆነው ነው?

ሌላው ችግር ደግሞ ሽቦው ነው። በፍሬዎቹ መሀል ሳሳልፈው ላይኛው ፍሬ አልገጥም ይላል። ፎቆቹም መነሳት አለባቸው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እየከፈተች ነው የምትጫወተው።

ቴስተር፦
ሰላም ወንድሜ። አምፖሎችህ ደህና ናቸው። ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ሲያገኝ ይበራል። ነጭ ግን ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል። አንድ ላይ ስታስራቸው ቀይዋ ቀድማ ትበራና ከባትሪው የሚመጣውን ሁሉ ትወስደዋለች። ቮልቴጁ ወደ እሷ ልክ ይወርዳል። ነጮቹ በ2 ቮልት አይነሱም።

መፍትሔው ለእያንዳንዷ አምፖል የራሷን ሬዚስተር (የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የምትገድብ ትንሽ ዕቃ) መስጠት ነው። ለስድስቱም በጋራ አንድ ብታደርግ ያው ችግር ይመለሳል። በዚያች ክብ ባትሪ ግን ይህን ማድረግ አትችልም። ባትሪዋም 3፣ አምፖሉም 3፣ ለሬዚስተሩ የሚተርፍ የለም። ወደ 5 ቮልት ሂድ። ማንኛውም የስልክ ቻርጀር በዩኤስቢ ይሰጥሃል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 5 ሲቀነስ 3፣ 2 ቮልት ይተርፋል። ያንን ለ470 ኦም (የሬዚስተሩ መጠን ነው) ስታካፍለው 4 ሚሊአምፔር ገደማ ይመጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ቤት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለነጮቹ 470፣ ለቀይዋ 1000 ኦም አድርግ። ቀይዋን ካላዳከምካት የታፔላው ብርሃን የካፌውን ይውጠዋል።

የልጆች ነርስ፦
ስለ መብራቱ የሚያውቁት ይንገሩህ። እኔ ስለ ባትሪዋ ነው የምለምንህ። ያቺ ክብ ባትሪ 20 ሚሊሜትር ስፋት አላት። ሕፃን ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ውስጥ ልትቀረቀር ትችላለች። እዚያ ከተቀመጠች እርጥበቱ ሁለቱን ጫፎቿን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ያደርግና በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። ልጁ መጀመሪያ ላይ ምንም ሕመም ላያሳይ ይችላል።

ውፍረቷ ደግሞ 3.2 ሚሊሜትር ነው። ከቀጭኗ የሌጎ ፍሬ ጋር እኩል ማለት ነው። ከፍሬዎቹ ጋር ተቀላቅላ ምንጣፍ ላይ ብትወድቅ ማን ያያታል? የግድ መጠቀም ካለብህ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር መያዣ ውስጥ ትሁን። ልጅ ዋጠ የሚል ጥርጣሬ እንኳ ካለ ለማስታወክ አትሞክሩ፣ "እስኪ ነገ እንየው" አትበሉ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ሪያድ ነኝ፦
አቦ፣ እህታችን ትክክል ብላለች። የዩኤስቢውን ነገር እኔም እደግፋለሁ።

ወደ ሽቦው ልምጣ። ከፍሬው አናት ላይ ያሉትን ጉብታዎች ተመልከታቸው። ላይኛው ፍሬ ሲገጠም ግድግዳው የሚጨብጠው የጉብታዎቹን ጎን ነው። እዚያ ላይ ፀጉር የምታህል ነገር እንኳ ብትገባ ፍሬው ቀና ይላል፣ ወይ ሽቦው ይቆረጣል። ስለዚህ ሽቦው በጉብታ አናትም በጉብታ ጎንም አይለፍ። በሁለት ጉብታዎች መካከል ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ቀጥ አድርገህ አውጣው። በስንጥር ተጭነህ አስተኛውና ፍሬውን ከላይ ቀስ ብለህ ጫን። 0.1 ሚሊሜትር የሚሆን ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ከሆነ ምንም ሳይታወቅ ይቀመጣል። የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ፕላስቲክ ልባስ ያለው ከሆነ ግን አትድከም።

ለፎቆቹ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፎቅ መብራቶቹን ለብቻው ይይዝና ከጀርባ ግድግዳው አንድ ጥንድ ሽቦ ብቻ ይወጣል። ጫፉ ላይ ባለ ሁለት ፒን ትንሽዬ ነጭ ሶኬት። ከተሰበሩ ባለ ባትሪ አሻንጉሊቶች ውስጥ አታጣትም። ፎቁን ከማንሳትህ በፊት ትነቅላለህ፣ ስትመልስ ትሰካለህ። የጣት ርዝመት ያህል ትርፍ ሽቦ ተውላት። ልጆች መንቀሉን ረስተው ሲያነሱት መጀመሪያ የሚበጠሰው አምፖሉ ሥር ያለው ነውና።

ሞተር ጠቅላይ፦
ሽቦውን ከውጭ አታስመጣ። ሞተር የሚጠቀልሉ ቤቶች ቫርኒሽ ሽቦ ሞልቷል። በጣም ቀጭኑን ካጣህ ከባድ የሆነ አሮጌ አዳፕተር ፍታ። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር በ220 ቮልት በኩል የተጠቀለለው ሽቦ በጣም ቀጭን ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ቫርኒሹ ካልተፋቀ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብዙ ሰው "አምፖሉ ሞቷል" የሚለው እዚህ ጋ ነው። ጫፏን ወደ ግማሽ ሳንቲም በብርጭቆ ወረቀት አጥፈህ ሳብ ሳብ አድርጋት። ቡናማው ለቆ ደማቅ የመዳብ ቀለም ሲመጣ ደርሷል።

ሶልደር ስታደርግ (ሽቦውን በቀለጠ ማያያዣ ብረት ስትበይድ) ከሌጎው ራቅ በል። የሶልደሪንጉ ጫፍ 300 ዲግሪን ያልፋል፣ የሌጎ ፕላስቲክ ደግሞ ከ100 ትንሽ አለፍ ሲል ይለሰልሳል። መገጣጠሚያውን ናስትሮ ብትጠቀልልበት ይወፍርብሃል። ጥፍር ቀለም ቀባው። በደንብ ሳይደርቅ ግን ወደ ቤቱ አታስገባው፣ እርጥቡ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ሱፐር ግሉም በትነቱ ፍሬዎቹን ነጭ ያለብሳቸዋልና ይቅር።

ሜሪላንድ፦
ሶልደር የማይወድ ሰው ካለ የተዘጋጀ ኪትም አለ። ላይት ማይ ብሪክስ የሚባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ይሸጣል፣ ሌሎችም አሉ። የሚሠሩት ለአንድ የተወሰነ ሌጎ ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ እዘዙ።

ሰሚት ኮንዶ፦
ተባረኩ! ሬዚስተሮቹን አስገብቼ ስድስቱም በሩ። ነርሷ እህቴ፣ ክብ ባትሪዎቹ ከቤት ወጥተዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ። መብራት ሲጠፋ በፓወርባንክ ሳደርገው ትንሽ በርቶ ራሱ ይጠፋል። ደግሞ ቢጫው የካፌ ግድግዳ ራሱ እንደ ፋኖስ ያበራል።

ቴስተር፦
ፓወርባንኩ አልተበላሸም። ስድስቱ አምፖሎች አንድ ላይ 25 ሚሊአምፔር ገደማ ነው የሚወስዱት። ብዙ ፓወርባንክ እንዲህ ያለ ትንሽ ጭነት ሲያይ "ስልኩ ሞልቷል" ብሎ ይዘጋል። ለጆሮ ማዳመጫና ለሰዓት ተብሎ የዝቅተኛ ቻርጅ ሞድ ያለው ካለህ እሱን ተጠቀም። ከሌለህ የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚገባውን ባለ ሁለት ኤ (AA) ባትሪ ሦስት ደርድርና 4.5 ቮልት አግኝ። አልካላይን ከሆነ በየማታው ሁለት ሰዓት ብታበሩት ከወር በላይ ይሄዳል። ሬዚስተሮቹን መቀየር አያስፈልግም፣ ብርሃኑ ትንሽ ፈዘዝ ይላል እንጂ።

ሪያድ ነኝ፦
ለግድግዳው፣ ቢጫና ነጭ ፍሬ ብርሃን ያሳልፋል። ከውስጥ በኩል ጥቁር ወፍራም ወረቀት ለክተህ አስደግፍበት። ፎይል ቢሻልም ሽቦ ከነካ ሾርት ያደርግብሃል። አምፖሏንም ከግድግዳው አንስተህ ጣሪያው መሀል ወደ ታች አዙራት።