የሰነድ አስተዳደር ሶፍትዌር ልናስገባ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ታቦር_ሥር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምጠይቀው ሐዋሳ ላለ ድርጅት ነው። ዋናው ቢሮ 70 ገደማ ሠራተኛ አለው፤ ይርጋለምና አለታ ወንዶ ደግሞ ቅርንጫፍ አለን። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ወደ 900 ቦክስ ፋይል ተደርድሯል። አቅራቢው በሁለት ሳምንት ጭኜ አስረክባለሁ ብሏል። አመራሩ የድሮው ፋይል በሙሉ አስቀድሞ ስካን ተደርጎ ሐምሌ 1 ሥራ እንዲጀመር ይፈልጋል። አሁን ግንቦት ገብቷል። ያስኬዳል?

የመዝገብ_ሰው፦
አያስኬድም። እስቲ አስሉት፦ አንድ ቦክስ ፋይል 400 ወረቀት ቢይዝ 900ው 360,000 ወረቀት ነው። ስካነሩ ላይ «በደቂቃ 40 ገጽ» ቢባልም ጊዜ የሚበላው ማሽኑ አይደለም። ስፒል መንቀል፣ የታጠፈ ጥግ ማቃናት፣ ቁጥርና ቀን መመዝገብ፣ ተጣሞ የወጣውን መድገም ነው። አንድ ሰው በቀን 1,200 ወረቀት ከጨረሰ ጎበዝ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው የ300 የሥራ ቀን ሥራ ነው፤ ያ እስኪያልቅ ሶፍትዌሩን የሚያስታውሰው አይኖርም።

የመቁረጫ ቀን ወስኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባና የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በሲስተሙ ይለፍ፤ የድሮው ባለበት ይቆይ። ለሥራ ተፈልጎ ከመደርደሪያ የወረደ ፋይል ብቻ በወረደበት ስካን ይደረግ። ሳይጠየቁም ቀድመው መግባት ያለባቸው በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች የግል ማህደር፣ ጊዜያቸው ያላለፈ ውሎችና የይዞታ ሰነዶች ናቸው። ሌላው አይቸኩልም።

ከመጫኑ በፊት የሚያልቀው ሥራ የፋይል መደብ ነው። አይቲዎች በየክፍሉ ስም ፎልደር እንዳይከፍቱ ተከላከሉ። መዋቅር እዚህ አገር ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ታውቃላችሁ፤ ክፍሉ ስሙን በቀየረ ቁጥር ፋይሉ ባለቤት ያጣል። በሥራው ዓይነት መድቡ፦ ቅጥር፣ ግዥ፣ ንብረት፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ እያላችሁ። መዝገብ ቤቱ የለመደው የፋይል ቁጥር ካለ እሱኑ ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ የሚሞላው ከአምስት አይብለጥ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ላኪ ወይም ተቀባይ፣ ጉዳይ፣ መደብ። አሥራ ምናምን ግዴታ ብታደርጉበት ሠራተኛው ነጥብ እየመታ ያልፈዋል።

ሐምሌ 1ን ግን እርሱት። ሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ነው፤ ሐምሌ ቆጠራና ኦዲት አለ። ጥቅምት ላይ ደብዳቤ በሚበዛበት አንድ ክፍል ጀምሩ፣ ስድስት ሳምንት ያህል አይታችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ፋይናንስ የመጀመሪያው ክፍል አይሁን።

ሞላ_ጎደል፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ስለ ሐምሌ ግን አልስማማም። የደብዳቤ ቁጥራችሁ በበጀት ዓመት ከ1 የሚጀምር ከሆነ ጥቅምት ላይ መቁረጥ አንዱን ዓመት ለሁለት ይሰነጥቀዋል፦ እስከ 612 በመዝገብ ደብተር፣ ከ613 ወዲያ በሲስተም። ከዓመት በኋላ 598ን የሚፈልግ ሰው ሲስተሙ ላይ ያጣውና «ጠፍቷል» ይላል። ወይ ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን መዝገብ ወደ ሲስተሙ ገልብጡ (ስካን ባይደረግም ቁጥር፣ ቀንና ጉዳዩ ይበቃል)፣ ወይ መዝገብ ቤቱን ብቻ ሐምሌ 1 አስጀምራችሁ ክፍሎቹን ጥቅምት ላይ ጨምሩ።

ስለ ስካን ደግሞ፦ ወረቀት በራሱ የሚስበው ስካነር ብቻውን አይበቃም። የድሮ ሳሳ ያለ ግልባጭ ወረቀት ይጨማደድበታል፤ ለእሱና ለተጠረዘ ሰነድ ጠፍጣፋው ስካነር ያስፈልጋል። ጥራቱ 300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ቢሆን በቂ ነው። ማህተም ያለበትን በከለር አንሱት፤ በጥቁርና ነጭ ሲሆን ማህተሙ ፊርማውንና ቲተሩን ውጦ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ሳይነቀል የቀረ አንድ የስቴፕለር ሽቦ መስታወቱን ከጫረው ከዚያ በኋላ የሚያልፍ ገጽ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር ይዞ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት አንድ ባዶ ወረቀት አሳልፉና እዩት፤ መስመሩ መስታወቱ ሲወለወል ከጠፋ አቧራ ነበር፣ ካልጠፋ ጭረት ነው።

ሰርቨሩን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አታስነሱት። መብራት ድንገት ሲሄድ የሚበላሸው ዳታቤዙ ነው። ባክአፑን ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ ካላያችሁት እንዳለ አትቁጠሩት።

ዐይኑ_ፊደል፦
አቅራቢው በእንግሊዝኛ ሰነድ ሲያሳያችሁ ሁሉም ይሠራል። ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ራሳችሁ ሞክሩ።

ፍለጋ፦ «ሀዋሳ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሐዋሳ» እና «ሃዋሳ» ተብሎ የተጻፈውም ይምጣ። ለሲስተሙ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ኢንዴክሱ (የፍለጋ ማውጫው) ላይ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው እንዲጠቀለሉ፣ ሃ፣ ሓና ኃም ወደ ሀ፣ ዓና ኣም ወደ አ እንዲሄዱ ይደረግ። «አዋሳ» ግን በዚህ አይያዝም፤ በተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ይግባ። «ገ/ማርያም» እና «ገብረማርያም»ም እንደዚያው። ላኪ መሥሪያ ቤቶችን በእጅ አታስጽፉ፣ ከዝርዝር ይመረጡ። በሲዳምኛ የሚመጣው ደብዳቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ የአንዱ መሥሪያ ቤት ሁለቱም ስም ይያያዝ፤ አለበለዚያ አንድ ቢሮ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል።

ቀን፦ 03/01/2017 መስከረም 3 ነው ወይስ የፈረንጅ ጃንዋሪ 3? ውስጡ በአንድ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ለሠራተኛው በኢትዮጵያ ይታይ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን አስገቡበት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብሎ ካልያዘው፣ ወይም 13ኛ ወር የለም ካለ፣ አልተሠራም።

ኦሲአር (ከስካን ምስል ላይ ፊደል አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር)፦ ቴሰራክት የሚባለው የኦሲአር ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል አለው፤ ጥርት ያለ የኮምፒውተር ጽሑፍ ላይ ይረዳል። የእጅ ጽሑፍ፣ በታይፕ የተመታ የካርቦን ግልባጭና ማህተም ያረፈበት መስመር ላይ አትመኑት። ለዚህ ነው «ጉዳይ» የሚለውን ሠራተኛው ራሱ መተየብ ያለበት። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ ፎንት የተጻፉ የቆዩ የወርድ ፋይሎችን ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ሳትቀይሩ ፒዲኤፍ አታድርጓቸው፤ ሲታዩ አማርኛ ይመስላሉ፣ ሲፈለጉ ግን አይገኙም።

ታቦር_ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተገልጦልኛል። አንድ ቀረኝ፦ ኃላፊዎቻችን ደብዳቤውን ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ ነው የሚመሩት። መቼ ነው ስካን የሚደረገው፣ ከመመራቱ በፊት ወይስ በኋላ?

የመዝገብ_ሰው፦
በፊት። በር ላይ ተመዝግቦ፣ ስካን ተደርጎ ይግባ፤ መምራቱ ሲስተሙ ውስጥ ይሁን። በኋላ ካላችሁ ደብዳቤው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያደረበት ጊዜ ሁሉ ከሲስተሙ ውጭ ነው፤ ባለጉዳይ መጥቶ ሲጠይቅ መዝገብ ቤቱ «አልደረሰንም» ይላል። ዋናው ወረቀት መዝገብ ቤት ይቅር እንጂ ወደ ኃላፊው አይሂድ። ከሄደ እስክሪብቶው ይነሳል፣ ሲስተሙ ላይ ያለው ኮፒ ምሪት የሌለው ባዶ ደብዳቤ ይሆናል። ስካን ተደረገ ብላችሁም ዋናውን እንዳትጥሉ፤ ፍርድ ቤት «ዋናው ይቅረብ» ማለቱ አይቀርም።

ኃላፊው ራሱ ካልገባበት የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊዋ ይሰጣል፤ ይሄ የማይቀር ነው። ያኔ የሁሉ ነገር ፈራሚ ጸሐፊዋ ሆና በእሱ ስም ይመዘገባል። ስለዚህ የውክልና መብት ይከፈትላት፦ በራሷ ስም ገብታ «በኃላፊው ትዕዛዝ» ብላ ትምራ። ፈቃድ የሚሰጠውም ለሥራ መደቡ እንጂ ለሰውየው አይሁን፤ ሲዛወር የድሮ ክፍሉን ፋይል እያየ ይኖራል። የሠራተኞች የግል ማህደር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ሥልጠናውን በአዳራሽ አትስጡ። በየጠረጴዛቸው፣ የዕለቱን የራሳቸውን ደብዳቤ ይዘው፣ ለአንድ ሰው 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ከጸሐፊዎቹ ጀምሩ። ውሉ ላይ ደግሞ ሰነዶቹ ከነመግለጫቸው (ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳይና የመሳሰለው) በሙሉ ከሲስተሙ ወጥተው የሚሰጡበት አንቀጽ ይግባ፤ የመጨረሻው ክፍያም ያ በተግባር ከታየ በኋላ ይሁን።